ሁለተኛው ኳስ ለምን ያጥራል? ኳስ ወርዋሪ ሮቦት ለምትሠሩ ተማሪዎች

ኳስ የሚወረውር ሮቦት ልትሠሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ ትልቅ ሞተር ፍለጋ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን አንብቡ። እኛ ባህር ዳር ላይ ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር ስንዘጋጅ ኳሱን ሩቅ መላክ የቻልነው ገና በጠዋቱ ነው። ጊዜያችንንና ገንዘባችንን የበላው ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ኳስ የሄደበትን መንገድ ሌላውም እንዲሄድበት ማድረግ።

ቡድናችን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ያቀፈ ነበር። እኔ ሜካኒካል ምህንድስና እማር ስለነበር እንደ አጋዥ ገባሁ፤ ውሎ ሲያድር ግን ከእነሱ ብሼ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ሆንኩ። የተሰጠን ሥራ ሮቦቱ የቴኒስ ኳስ ከወለል እየለቀመ 3 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ቅርጫት እንዲወረውር ማድረግ ነው። የቅርጫቱ አፍ ከመወርወሪያው አፍ በ1 ሜትር ከፍ ይላል። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ኳሶቹን አከታትሎ መልቀቅ ግድ ይላል። ይህቺ «አከታትሎ» የምትለዋ ቃል በኋላ ጉድ አፍልታብናለች።

ከሁሉ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ኳሱ በ55 ዲግሪ ከወጣ፣ 3 ሜትር ተጉዞ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ በሰከንድ 6.4 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ልጆቹ በክፍል የተማሩት የፊዚክስ ቀመር ነው፤ ከፈተና ወጥቶ ሥራ ላይ ሲውል ሲያዩት ግን ዓይናቸው በራ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይመጣል። በአንድ ጎማ በሚሠራ ወርዋሪ ኳሱ በአንድ ጎኑ የሚሽከረከረውን ጎማ፣ በሌላ ጎኑ የቆመውን ጠማማ ላሜራ እየነካ ያልፋል። ጎማውን የነካው ጎኑ በጎማው ፍጥነት ይሄዳል፣ ላሜራውን የነካው ጎኑ ቆሟል፤ ስለዚህ መሐሉ የሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ነው። ኳሱ 6.4 እንዲወጣ የጎማው ጠርዝ 12.8 ሜትር በሰከንድ መሮጥ አለበት ማለት ነው። የጎማችን ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በደቂቃ ወደ 2,450 ዙር ይመጣል። መንሸራተቱና የኳሱ መጨፍለቅ የሚበሉት ስላለ በተግባር የሠራንበት ቁጥር 2,900 አካባቢ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አትዩት።

ሞተሩ ላይ ብዙ አልቆይም። በ12 ቮልት የሚሠራውን፣ 775 የሚሉትን ገዛን። በዚህ ስም የሚሸጡት ፍጥነታቸው ለየቅል ስለሆነ ሻጩን ያለጭነት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ጠይቁትና ከምትፈልጉት ቢያንስ በሲሶ የሚበልጠውን ውሰዱ። ትርፉ የሚያስፈልገው ኳስ ካለፈ በኋላ ጎማው ቶሎ ወደ ፍጥነቱ እንዲመለስ ነው።

መጀመሪያ ያስደነገጠን ላስቲኩ ነው። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ጎሚስታ ቤት ጎራ ካላችሁ የተጣለ ከመነዳሪ አታጡም። ከአሮጌ ከመነዳሪ እንደ ቀበቶ ቀጭን ቆርጠን በፕላስቲኩ ጎማ ዙሪያ በማስቲሽ ለጠፍነው። በእጅ ሲጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ግን መጋጠሚያው ላይ ጫፉ ተነሳ፤ «ጠፍ ጠፍ ጠፍ» የሚል ድምፅ ሰማንና ምን እንደሆነ ሳንጠያየቅ ላስቲኩ ተፈናጥሮ ከአንዱ ልጅ ጆሮ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ጮኸ። ማታ ቁጭ ብለን አሰላነው። በ12.8 ሜትር በሰከንድ በሚሮጥ የ10 ሴንቲ ሜትር ጎማ ጠርዝ ላይ ያለች 1 ግራም ላስቲክ ወደ ውጭ የምትጎትተው 330 ግራም ያህል እንደሚመዝን ዕቃ ሆና ነው። የትኛው ማስቲሽ ይችለዋል!

ስለዚህ ጨርሶ አትለጥፉ። የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ውሰዱና በአግድሙ ቆርጣችሁ እንደ ቀለበት አውጡት። መጋጠሚያ የለውም፤ ከጎማው ስለሚጠብም ሁለት ሰው ይዞ ወጥሮ ነው የሚያለብሰው፣ ከዚያ በኋላ አንቆ ይይዛል። ጎማው ግራና ቀኝ ትንሽ ከንፈር እንዲኖረው አድርጉ፣ ላስቲኩ ወደ ጎን እንዳይሸሽ። እና በእግዚአብሔር፣ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ መነጽር አድርጉ፣ ሽፋን ሥሩለት። ተማሪ መሆን ዓይን ከመጥፋት አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መጀመሪያ የለቀቅነው ኳስ ቅርጫት ገባ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። አከታትለን የለቀቅነው ሁለተኛው ከቅርጫቱ አንድ ሜትር ቀድሞ መሬት ላይ አረፈ። ሦስተኛው ባሰ። ትንሽ ጠብቀን ስንለቅ ደግሞ ይገባል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሞተሩ አቅም የለውም፣ ሌላ እንግዛ» አሉ። እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነበር። ደግነቱ ለሞተሩ ዘንግ ማያያዣ ለማስቀረጽ የሄድንበት ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ጎማውን በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣

«ይሄ እኮ ክብደት የለውም» አለን። «ኳሷ ስትነካው ለምን አይደነግጥ?»

«ጋሼ፣ እንዲቀለን ብለን እኮ ነው» አልነው።

«እናቶቻችሁ ሲፈትሉ አላያችሁም? እንዝርቱ ላይ ያቺ ክቧ ባትኖርበት አንዴ ዞሮ ይቆማል። ለዚህም ቮላኖ፣ ከባድ ተሽከርካሪ ቀለበት፣ ሥሩለት።»

ቤት ገብተን ያሰላነው ቁጥር የሰውየውን ቃል አንድ በአንድ አረጋገጠው፤ እናንተም አትዝለሉት። ጎማችን 100 ግራም ነበር። በ2,450 ዙር ሲሽከረከር በውስጡ ያለው ጉልበት 4 ጁል ብቻ ነው። 58 ግራም የሚመዝን ኳስ በ6.4 ሜትር በሰከንድ ሲወጣ ለጉዞው 1.2 ጁል፣ ወደኋላ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ለሽክርክሪቱ ደግሞ 0.8 ጁል፣ በድምሩ 2 ጁል ይወስዳል። አንድ ኳስ የጎማውን ጉልበት ግማሹን ይዞበት ይሄዳል ማለት ነው! ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ እስኪያነሳው ድረስ የደረሰው ሁለተኛ ኳስ ምን ያድርግ?

ባለሙያው እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ ሁለት የብረት ቀለበቶች ቀረጸልን፤ በጎማው ግራና ቀኝ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግተው በብሎንና በዳዶ ታሰሩ። ወደ ጠርዙ መጠጋታቸው ዋናው ነገር ነው፤ ያው 400 ግራም ዘንጉ አጠገብ ቢሰበሰብ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አይኖረውም፣ ምክንያቱም ውጤቱ የሚያድገው ከመሐሉ ባለው ርቀት ካሬ ነው። በቀለበቶቹ የጎማው ጉልበት ከ4 ወደ 30 ጁል ዘለለ። ያው ኳስ ያንኑ 2 ጁል ሲወስድ ፍጥነቱ የሚወርደው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ይህ በወረቀት ነው፤ ሰበቃና መጨፍለቅ ሲጨመርበት ትንሽ ይብሳል፣ ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነበር። ሞተሩ ያው አሮጌው ሞተር ነው።

3 በመቶም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በእኛ ርቀትና ማዕዘን ፍጥነቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ ኳሱ ቅርጫቱ ጋ ሲደርስ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በ5 በመቶ ሲቀንስ 35 ሴንቲ ሜትር። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ለራሳችሁ ርቀት ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ነው፣ ምን አለበት» የሚል ሰው አይኖርም።

ክብደቱ ዕዳም አለው። ጎማው ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱን ለመያዝ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሮቦቱ ገና ኳስ እየለቀመ ሳለ ማሽከርከር ጀምሩ። ሌላው፣ ያን ሁሉ ብረት በሞተሩ ዘንግ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ። እኛ እንደዚያ አድርገን ሮቦቱ ሙሉ በሙሉ ይንዘፈዘፍ ነበር። የራሱ ዘንግ ስጡት፣ ግራና ቀኝ በኩሽኔታ ይያዝ፣ ሞተሩ ከጎን ይገናኘው። የሚያጠብቀው ብሎን የሚያርፍበት የዘንጉ ቦታ በሞረድ ጠፍጠፍ ይበል፤ ክብ ላይ ያረፈ ብሎን ዛሬ ባይሆን ነገ ይላላል።

ጠማማው ላሜራም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ በእጅ ጎብጦ «ደህና ይመስላል» የተባለለትን ገጥመን ነበር፤ ለካ መግቢያው ላይ ሰፊ፣ መውጫው ላይ ጠባብ ሆኖ ኳሱን ሊወጣ ሲል ያንቀው ነበር። መፍትሔው ከኮምፔንሳቶ ሁለት የጎን ሳንቃ መቁረጥ ነው። ቅስቱ የሚሣለው በኮምፓስ ነው፤ የኮምፓሱ ሹል የሚያርፈው ልክ የጎማው ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው። ያኔ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል። የላሜራው ብሎኖች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ክብ አታድርጓቸው፣ ረዘም ያሉ ይሁኑ፤ ላሜራውን ወደ ጎማው ማስጠጋትና ማራቅ እንድትችሉ። ለአናጺው ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፣ እኛን ግን በውድድሩ ቀን ያዳነን እሱ ነው።

ክፍተቱ ስንት ይሁን ለምትሉ፣ በዓለም አቀፍ ደንብ የቴኒስ ኳስ ስፋት ከ6.54 እስከ 6.86 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ደንቡን ያሟሉ ኳሶች በ3 ሚሊ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። እናንተ የምትጨፈልቁት በ3 ሚሊ ብቻ ከሆነ ትንሹ ኳስ ጎማውን ዳሰስ አድርጎት ያልፋል። እኛ 9 ሚሊ አካባቢ ስንጨፈልቅ ነው ነገሩ የረጋው።

ቀጥሎ ፍጥነቱን መለካት። ጎማው ላይ አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ አጠገቡ ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር አንድ ምት የሚሰጥ የሆል ሴንሰር፣ ፕሮግራም ከሚጻፍባት ትንሿ ሰሌዳ ከአርዱዪኖ ጋር። ፕሮግራሙን የያዘው ልጅ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ምት እንደመጣ የሚቆጥር ኮድ ጻፈ። ቁጥሩ 2,400፣ 3,000፣ 2,400፣ 3,000 እያለ ይዘላል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለን ቀየርነው፤ ያው ነው። ነገሩ ግልጽ የሆነልን ወረቀት ላይ ስናየው ነው። በዚያች ቅጽበት የሚመጣው 4 ወይም 5 ምት ነው፣ የአንዷ ምት ልዩነት ደግሞ በደቂቃ 600 ዙር ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን 1 በመቶ መለካት ዘበት ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ስንለካ ግን ቁጥሩ ቀጥ አለ። የተለመደው አርዱዪኖ ኡኖ በ4 ማይክሮ ሰከንድ ልክ ይቆጥራል፤ የእኛ አንድ ዙር ከ20 ሺህ ማይክሮ ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅ ከበቂ በላይ ነው።

ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ከበይነ መረብ የተቀዳ፣ የፍጥነቱን ስሕተት እያየ ኃይሉን የሚያስተካክል የፒአይዲ ኮድ ይዘን ብዙ ታገልን። ጎማው ከቆመበት እስኪነሳ ድረስ ስሕተቱን ሲያጠራቅም ይቆይና ከቁጥሩ አልፎ ይሄዳል፣ ከዚያ ለመመለስ ዕድሜ ይፈጃል። ለከባድ ጎማ ከዚያ የቀለለ መንገድ አለ፦ ፍጥነቱ ከሚፈለገው በታች ከሆነ ሙሉ ኃይል፣ ከላይ ከሆነ ዜሮ። አበቃ። ክብደቱ ራሱ መወዛወዙን ያለሰልሰዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ዜሮ ስትሉ ሞተሩ ልቅ መሆን አለበት እንጂ ፍሬን መያዝ የለበትም። እኛ የተጠቀምነው ቢቲኤስ 7960 የሚባለው የሞተር መንጃ ሰሌዳ ሁለቱ የፍጥነት ምልክቶች ዜሮ ሲሆኑ የሞተሩን ሁለት ጫፎች ከኔጋቲቩ ጋር ያገናኛቸዋል፤ ያ ደግሞ ፍሬን ነው። ጎማው ሙሉ ኃይል፣ ፍሬን፣ ሙሉ ኃይል፣ ፍሬን እየተባለ «ግርርር» ሲል፣ ሞተሩ እጅ የማያስነካ ሆኖ ሲግል ምን ነካው ብለን ነበር። ሰሌዳውን የሚያነቁትንና የሚያጠፉትን የማንቂያ ፒኖች ጭምር ዜሮ አድርጉ፣ ያኔ ሞተሩ ልቅ ይሆናል።

ኳሱን የሚያስገባው በር ደግሞ ፍጥነቱን ሳያይ አይከፈት። በኮዱ ውስጥ «ፍጥነቱ ከሚፈለገው በ1 በመቶ ውስጥ ከሆነ ልቀቅ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ጨመርን። ሮቦቱ የዘገየ ይመስላል፤ የሚገባው ኳስ ግን በዛ።

ለሙከራ የምመክራችሁ ርካሽ ዘዴ ጠመኔ ነው። ኳሱን በጠመኔ ዱቄት አንከባላችሁ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ወርውሩ፤ ያረፈበት ቦታ ክብ ምልክት ይቀራል። ቅርጫቱን ለጊዜው እርሱት፤ ምልክቶቹ ምን ያህል እንደተሰበሰቡ ብቻ እዩ። ከላይ ወደ ታች ከተበተኑ ችግሩ ፍጥነት ወይም መጨፍለቅ ነው። ግራና ቀኝ ከተበተኑ ኳሱ ሲገባ መሐል አልያዘም፣ ወይም ጎማው በዘንጉ ላይ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል። ይህችን መለየት ከቻላችሁ በጨለማ መዳከር ይቀራል። ሙከራውን ደጅ ካደረጋችሁ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋሱ ሲነሳ ጥፋቱ የሮቦቱ ይሁን የነፋሱ መለየት አይቻልም።

ስለ መብራት ባህር ዳር ላለ ሰው አልነግርም። ረጅም ሰዓት የሚፈጅ የ3ዲ ፕላስቲክ ህትመት መሐል ላይ ሲቋረጥ ያለቀሰች ልጅ ነበረችን። ከዚያ በኋላ ያወጣነው ሕግ በኮምፔንሳቶና በላሜራ መሠራት የሚችል ነገር ሁሉ አይታተምም የሚል ነው። ባትሪውን በተመለከተ፣ የመንጃ ሞተሮቹና ጎማው አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቴጁ ወርዶ አርዱዪኖው እየጠፋ ይነሳ ነበር፤ ለአርዱዪኖው የራሱን ትንሽ ባትሪ ሰጥተን ተገላገልን። ኔጋቲቮቹን ማገናኘት ግን እንዳትረሱ።

የመጨረሻው ኳሱ ራሱ ነው። የምንለማመድበት ኳስ ከጓደኛ ከጎረቤት የተሰበሰበ፣ ነፋሱ ያለቀ፣ ሲጫኑት እሺ የሚል ነበር። ውድድሩ ላይ የቀረበልን ከቆርቆሮው ያኔ የወጣ አዲስ ኳስ ነው። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር ስስ ስለሆነ በግፊት የተሞላ ኳስ እዚህ ይበልጥ ይጠነክራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ያዘጋጀው ያለ ነገር አይደለም። በመለማመጃው ሰዓት የእኛ ሮቦት ሁሉንም ኳስ ከቅርጫቱ በላይ ሰደደው። ጠንካራው ኳስ ጎማውን አጥብቆ ስለሚይዝ አይንሸራተትም፣ ፈጥኖ ይወጣል። ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ፤ አንዷ ግን ካቻቢቴዋን አውጥታ ረዣዥሞቹን ቀዳዳዎች አላላች፣ ላሜራውን ትንሽ አራቀች፣ ቁጥሩንም ትንሽ ዝቅ አደረግነው። ከዚያ ገባ። አንደኛ አልወጣንም፤ የለቀማው ክፍል ኳስ እየዋጠ አስቸግሮን መሐል ላይ ጨረስን። ወርዋሪው ግን አላሳፈረንም።

እንግዲህ ቢያንስ ጥቂት አዲስ ኳስ ገዝታችሁ ተለማመዱ፣ አዲሱንና አሮጌውን አትቀላቅሉ። የአዲስ ኳስ ፀጉር ላስቲኩ ላይ እየተላጠ ስለሚቀር ጎማው ከጥቂት ግጥሚያ በኋላ መንሸራተት ይጀምራል፤ እርጥብ ጨርቅ ያዙና ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ፣ በየግጥሚያው መሐል ጥረጉት።